ፓርኪንሰንና ዘር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ታማሚዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ፓርኪንሰን ምን ዓይነት በሽታ ነው?

አንጎል ውስጥ ጠቆር ያለች ትንሽ ስፍራ አለች። እዚያ ያሉት የነርቭ ሕዋሳት ዶፓሚን ያመርታሉ፤ እንቅስቃሴያችን ቀልጠፍ የሚለው በእሱ ነው። ፓርኪንሰን እነዚህ ሕዋሳት ቀስ በቀስ እየሞቱ የሚሄዱበት በሽታ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ሕመሙን ጽፎ ካሳወቀው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው መንቀጥቀጡን ነው፤ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚፈልገው መዘግየትን ነው። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ጊዜ ይፈጃል፣ የእጅ ጽሕፈት እየደቀቀ ይሄዳል፣ ሲራመዱ አንዱ እጅ ሳይወዛወዝ ይቀራል። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ይጀምራል። የማሽተት መቀነስ፣ የሆድ ድርቀትና በእንቅልፍ ልብ መራገጥ ከዚህ ሁሉ ዓመታት ሊቀድሙ ይችላሉ።

በዘር ይተላለፋል ወይ?

አብዛኛው አይተላለፍም። አንድ የተበላሸ ዘረመል ብቻውን በሽታውን የሚያመጣው ከመቶ ታማሚዎች ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ነው። በቀሩት ላይ ዕድሜ፣ አካባቢና ብዙ ጥቃቅን የዘር ልዩነቶች ተደራርበው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዲህ ያሉ 90 ልዩነቶችን ቆጥሯል፤ እያንዳንዱ ለብቻው የሚጨምረው ስጋት ግን ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ «ዘረመል» የምንለው ሐኪሞች «ጂን» የሚሉትን ነው። ቃሉን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር «ጂን አለበት» የተባለ ሰው ወደ ሐኪም ሳይሆን ወደ ሼህ ወይም ወደ ጠበል ነው የሚወሰደው።

አያቴም አባቴም እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ታዲያ ፓርኪንሰን በቤታችን አለ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በቤተሰብ ውስጥ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሲወርድ የሚታየው መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ነው። ለመለየት ቡና ሲቀዱ ይመልከቷቸው። ጀበናውን አንስተው ወደ ሲኒው ሲያዘነብሉ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ቡናው ረከቦቱ ላይ ከፈሰሰ፣ ጀበናውን አስቀምጠው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ሲያሳርፉ ግን ጸጥ ካለ፣ ያ የፓርኪንሰን ጠባይ አይደለም። የፓርኪንሰን ተቃራኒው ነው፦ እጅ ጭን ላይ አርፎ ሳለ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው ይተሻሻሉ፤ ሲኒውን ሲያነሱ ይቀንሳል። መለያው ፍጹም አይደለም፤ ለሐኪሙ ሲነግሩት ግን «ይንቀጠቀጣል» ከማለት በእጅጉ ይሻላል።

ሁለተኛው የስህተት ምንጭ መድኃኒት ነው። ማስታወክን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ (ብዙዎች ፕላሲል ይሉታል)፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የዶፓሚንን ሥራ ስለሚገቱ ቁርጥ ፓርኪንሰንን የሚመስል ሁኔታ ያመጣሉ። መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይለቃል። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ግን በራስ ውሳኔ አይቆምም፤ ያዘዘው ሐኪም ይቀንሰው ወይም ይቀይረው። ስለ ዘር ከማሰብዎ በፊት ታማሚው የሚወስደውን ሁሉ በከረጢት ይዘው ይሂዱ።

ዘረመልና ፕሮቲን ሲባል ምን ማለት ነው? ሥጋና ሽሮ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው?

ሐረር ውስጥ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሄደው ልብስ ቢያሰፉ፣ ሰፊው ልክዎን ለክቶ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ዘረመል ያ ወረቀት ነው፤ ፕሮቲን ተሰፍቶ የወጣው ልብስ ነው። በሰውነት ውስጥ ሥራ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ወረቀቱ ራሱ ምንም አይሠራም። ስህተቱም እንደ ወረቀቱ ስህተት ብዙ መልክ አለው። አንድ ቁጥር ተሳስቶ ይጻፋል፦ ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች ይገጣጠማል፤ ከ2,527 አሚኖ አሲዶች የተሠራው ኤልአርአርኬ2 የተባለው ፕሮቲን 2,019ኛው ቦታ ላይ ግላይሲን የተባለው መሆን ሲገባው ሴሪን የተባለው ይገባበታል። ወይም ከወረቀቱ ግማሹ ተቀዶ ይጠፋል፤ ፓርኪን በሚባለው ዘረመል ላይ ይህ ያጋጥማል። ወይም ትክክለኛው ወረቀት ተባዝቶ ሰፊው ሦስትና አራት ልብስ ይሰፋል።

የሚበሉት ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ አሚኖ አሲድ ይሆናል፤ እንዳለ አንጎል ገብቶ አይጠራቀምም። ስለዚህ ሥጋ መተው በሽታውን አያስቆመውም፤ እንዲያውም ታማሚው እየከሳ ይጎዳል። ጥንቃቄው ሌላ ነው። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል የሚገባው አሚኖ አሲዶች በሚገቡበት በር ነው። ከጥብስ ወይም ከወፍራም ሽሮ ጋር ከተዋጠ በሩ ላይ ግፊያ ይሆንና ኪኒኑ «አልሠራ አለኝ» ይባላል። ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት፣ አለዚያም ቢያንስ ከ1 ሰዓት በኋላ በውኃ መዋጥ ነው። ማቅለሽለሽ ካለ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ይፈቀዳል። የደም ማነስ ኪኒን፣ ማለትም አይረን፣ የሚወስድ ሰው ሁለቱን ቢያንስ በ2 ሰዓት ያራርቅ።

በረመዳን ሐኪሙ እንዲጾሙ ከፈቀደ፣ ማፍጠሪያ ላይ ኪኒኑን በተምርና በውኃ ወስደው ሳምቡሳውንና ሾርባውን ግማሽ ሰዓት ማቆየት ይቻላል። ሳይነግሩት ግን የቀኑን መድኃኒት በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ሰውነት ይገተራል፣ ትኩሳት ይነሣል፣ ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜም አለ።

አንጎል ውስጥ የሚጠራቀመው ፕሮቲን የቱ ነው?

አልፋ-ሲኑክሊን ይባላል። ከ140 አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ በነርቭ ጫፍ ላይ ዶፓሚን የያዙትን ጥቃቅን ከረጢቶች ሥርዓት በማስያዝ ያግዛል። ችግሩ የሚመጣው ቅርጹን ሲስት ነው። የተጣመመው ሌላውን እያጣመመ ይያያዛል፣ በመጨረሻም ሕዋሱ ውስጥ ክብ ጓል ይሆናል። ጓሎቹን ፍሬደሪክ ሌዊ እ.ኤ.አ. በ1912 አይቷቸዋል፤ ከምን እንደተሠሩ የታወቀው ግን በ1997 ነው። በዚያው ዓመት ፓርኪንሰን በዘር በሚወርድባቸው የጣሊያንና የግሪክ ቤተሰቦች የዚህ ፕሮቲን መመሪያ፣ ኤስኤንሲኤ የተባለው ዘረመል፣ ላይ ለውጥ ተገኘ።

ይበልጥ የሚያስደንቀው የ2003ቱ ግኝት ነው። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ዘረመሉ ምንም አልተሳሳተም፤ ብቻ በአንዱ ክሮሞዞም (ዘረመሎች በተደረደሩበት ክር) ላይ ሦስቴ ተደግሞ ተገኘ። ከሌላው ወላጅ ከመጣው ጋር 4 ቅጂ ማለት ነው፤ ሰው ሁሉ ያለው 2 ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ በሽታው ቀድሞ ይመጣል፣ የመርሳት ችግርም ይከተለዋል። 3 ቅጂ ያላቸው ላይ ደግሞ ዘግይቶ ይመጣል፣ ለዘብም ይላል። ጤነኛው ፕሮቲን ራሱ ከመጠን ካለፈ ይጎዳል ማለት ነው።

ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ ለሚሉ፦ አይተላለፍም። በአንድ ማዕድ መብላት፣ ማስታመም፣ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም።

ፓርኪንና ፒንክ1 የሚባሉት ምንድን ናቸው? በወጣትነት የሚመጣው ፓርኪንሰን ከእነሱ ጋር ምን አገናኘው?

እነዚህ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። የሐረር ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። የጀጎል ሰው የቤቱን ትራፊ ደጅ ያወጣል፤ ሌሊት ጅቦቹ በግንቡ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ገብተው አጥንቱን ሳይቀር ጠርገው ይወጣሉ። ሥራው የሁለት ወገን ነው፦ የሚያወጣና የሚበላ። ሕዋስም ውስጥ እንደዚሁ ነው። ኃይል የሚያመነጨው ክፍል፣ ማይቶኮንድሪያ፣ ሲያረጅ መርዛማ ነገር ማፍሰስ ይጀምራል። ዶፓሚን የሚያመርት ሕዋስ ቅርንጫፉ እጅግ የበዛና ኃይል የሚፈጅ ስለሆነ ያረጀ ማይቶኮንድሪያ ከሌላው ሕዋስ በላይ ይጎዳዋል።

ፒንክ1 ጤነኛ ማይቶኮንድሪያ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ተስቦ ይገባና ተቆርጦ ይፈርሳል። የተበላሸው ግን ሊያስገባው ስለማይችል ደጃፉ ላይ ይከማቻል። ያ ክምችት ምልክት ነው። ፓርኪን እሱን አይቶ ይመጣና «ይወገድ» የሚል ታፔላ ይለጥፋል፤ ታፔላው ዩቢኪቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው። ከዚያ ሕዋሱ የተለጠፈበትን ጠቅልሎ ወደ ላይሶሶም ይወስደዋል። ላይሶሶም ጅቡ ነው። ፒንክ1 ወይም ፓርኪን ከሌለ ቆሻሻው ከቤት አይወጣም፤ ጅቡ ቢርበውም የሚበላው አያገኝም።

ፓርኪን እ.ኤ.አ. በ1998 በጃፓን ቤተሰቦች ላይ፣ ፒንክ1 በ2004 ተገኙ። በመካከሉ በ2003 የተገኘው ዲጄ-1 ሕዋሱን ከኦክሲጅን ጉዳት የሚጠብቅ ነው፤ እሱ ላይ የሚደርሰው ብልሽት በጣም ጥቂት ነው። በሦስቱም በሽታው የሚመጣው ከእናትም ከአባትም የመጡት ቅጂዎች ሁለቱም ሲበላሹ ነው። ብዙዎቹ ከ40 ዓመት በፊት ይጀምራቸዋል፤ በአሥራዎቹ የጀመራቸውም አሉ። አንዳንዶቹ ሲራመዱ እግራቸው ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፤ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡ ይሻላቸውና ከሰዓት በኋላ ይብስባቸዋል፤ በዚህም ምክንያት «አስመሳይ» የተባሉ አሉ። በፓርኪን ምክንያት የሚመጣው አካሄዱ ዘገምተኛ ነው፣ የማሰብ ችሎታም አብዛኛውን ጊዜ አይነካም፤ ብዙዎቹም ላይ ያ የአልፋ-ሲኑክሊን ጓል አይገኝም።

ኤልአርአርኬ2 እና ጂቢኤ1 አፍሪካውያን ላይ ይበዛሉ ይባላል፤ እውነት ነው?

የትኛው አፍሪካ? የሚለውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ኤልአርአርኬ2 ሌሎች ፕሮቲኖችን በፎስፌት ምልክት እያደረገ ሥራ የሚያስጀምር ነው። ቀደም ብለን ያነሣነው የ2,019ኛው ቦታ ለውጥ ይህን ሥራ ከልክ በላይ ያፈጥነዋል፤ በሕዋሱ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልሱት ይታወካሉ፣ ላይሶሶሙም አብሮ ይታወካል። ለውጡ በሰሜን አፍሪካ በርበሮች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው፤ በአንዳንድ ጥናቶች ከ10 ታማሚዎች 4 የሚጠጉት ላይ ተገኝቷል። በአሽከናዚ አይሁድ ዘንድም ይበዛል።

ጂቢኤ1 ላይሶሶም ውስጥ ስብ የሚፈጭ ኢንዛይም ያሠራል፤ በምሳሌያችን የጅቡ ጥርስ ነው። ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ ጎሼ የተባለ ሌላ በሽታ ይመጣል። አንዱ ብቻ ሲበላሽ ጥርሱ ይዶለዱማል፤ አልፋ-ሲኑክሊን ሳይፈጭ ይቀራል፤ የተረፈው ደግሞ ኢንዛይሙ ወደ ላይሶሶም እንዳይደርስ መንገዱን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የብዙ ማዕከላት ጥናት የፓርኪንሰን ታማሚዎች ይህን ዓይነት ለውጥ ይዘው የመገኘታቸው ዕድል ከጤነኞች ከ5 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። በ2023 ደግሞ ናይጄሪያውያንንና አፍሪካ-አሜሪካውያንን ያካተተ ጥናት እዚሁ ዘረመል ላይ አውሮፓውያን ዘንድ የለም የሚባል ልዩነት አገኘ።

ናይጄሪያና ቱኒዚያ ግን ሐረርጌ አይደሉም። ከምሥራቅ አፍሪካ የተሰበሰበው መረጃ ጥቂት ስለሆነ እነዚህን መቶኛዎች ወደ ራስዎ ቤተሰብ አያዙሯቸው።

እናትና አባቴ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። ይህ ለውጥ ያመጣል?

ሁለት ቅጂ መበላሸት በሚፈልጉት፣ ማለትም በፓርኪን፣ በፒንክ1 እና በዲጄ-1 ላይ፣ አዎ። የአጎትና የአክስት ልጆች ከአንድ አያት የወረሱት አንድ ዓይነት የተበላሸ ቅጂ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱም ተሸካሚ፣ ማለትም አንድ የተበላሸ ቅጂ ብቻ ያላቸው፣ ሆነው ሲጋቡ እያንዳንዱ ልጅ፦ ከ4 አንድ ዕድል በሽታውን፣ ከ4 ሁለት ዕድል ተሸካሚነትን ብቻ፣ ከ4 አንድ ዕድል ደግሞ ምንም አለመውረስን ያገኛል። ሰባት ቤት የሚቆጠርበት ቤተሰብ ውስጥ አጋጣሚው ያንሳል፤ ይጠፋል ግን አይባልም። አብዛኞቹ የዘመዳሞች ልጆች ደግሞ በዚህ በሽታ አይያዙም፤ ወላጅ የሚወቀስበት ነገር አይደለም።

ኤስኤንሲኤ እና ኤልአርአርኬ2 ግን አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃቸዋል። እዚያ የወላጆች ዝምድና ምንም አይለውጥም፤ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ዘረመሉ ከተገኘብኝ መታመሜ አይቀርም ማለት ነው?

እንደ ዘረመሉ ነው። ሁለቱም የፓርኪን ቅጂዎች ከተበላሹ በሽታው ይመጣል ማለት ይቻላል። የኤልአርአርኬ2 ለውጥ ያለበት ሰው ግን እስከ 80 ዓመቱ የመታመም ዕድሉ እንደየጥናቱ ከመቶ ከ25 እስከ 75 ይደርሳል፤ 80 ዓመት ኖሮ ምንም ሳይነካው የሚሞት አለ ማለት ነው። የጂቢኤ1 ተሸካሚዎች አብዛኞቹ አይታመሙም። አንድ ዓይነት መንታዎች እንኳ ዘረመላቸው አንድ ሆኖ፣ በተለይ በሽታው በስተርጅና ሲመጣ፣ አንዱ ታሞ ሌላው ደኅና የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

ቀሪውን የሚሞላው ዕድሜና አካባቢ ነው። ፓራኳትና ሮቴኖን የተባሉት ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ማይቶኮንድሪያን ይመታሉ፤ በሥራቸው የሚነኳቸው ገበሬዎች ላይም ፓርኪንሰን በርክቶ ታይቷል። ጫትና አትክልት ላይ መርዝ የሚረጭ ሰው ጓንትና ጭምብል ያድርግ፣ ነፋስ በፊቱ ሲመጣ አይርጭ፣ የረጨበትን ልብስ ለብቻው ይጠብ፤ የመርዙ ጀሪካን ደግሞ ታጥቦም ቢሆን ውኃ አይቀዳበት። ይህ ዘረመል ላለበትም ለሌለበትም ነው።

የዘር ምርመራ ልመርመር? የት?

ሁሉም ሰው አያስፈልገውም። ምርመራው የሚታሰበው በሽታው ከ50 ዓመት፣ በተለይ ከ40 ዓመት በፊት ከጀመረ፣ በቤተሰቡ ሌላ ታማሚ ካለ ወይም ወላጆች ዘመዳሞች ከሆኑ ነው። የፓርኪንሰን ዘረመል ምርመራ ድሬዳዋም ሐረርም የዘወትር ሕክምና አካል አይደለም። መነሻው ድል ጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል መታየት፣ ከዚያም ወደ ነርቭ ሐኪም መላክ ነው። ዕድሜው ከ40 በታች ከሆነ ከዘር ምርመራ በፊት መዳብ ጉበትና አንጎል ውስጥ የሚጠራቀምበት የዊልሰን በሽታ እንዳይሆን ይጣራ፤ እሱ መድኃኒት አለው፣ ሲዘገይ ግን ጉዳቱ አይመለስም።

ሐኪም ዘንድ ከመቅረብዎ በፊት የሦስት ትውልድ ዝርዝር ይጻፉ፦ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው እጅ ወይም እግር ጀመረ፣ በምን ሞተ። በእኛ ስም አወጣጥ የቤተሰብ ስም ስለሌለ የእናት ወገን በቀላሉ ይጠፋል፤ አያቶችን በሕይወት ሳሉ ይጠይቁ። የሚመረመረውም መጀመሪያ የታመመው ነው፤ ጤነኛውን ልጅ አስቀድሞ መመርመር ለመተርጎም የሚያስቸግር ውጤት ያመጣል።

ውጤቱ የሚያሳስትባቸው ቦታዎችም አሉ። ፊደል በፊደል የሚያነብ ምርመራ የጠፋ ወይም የተደገመ ትልቅ ቁራጭ ሊያመልጠው ይችላል፤ ፓርኪን ላይ የጠፉትንና የተደገሙትን ቁራጮች ለብቻው መቁጠርን ይጠይቃል። ጂቢኤ1 አጠገቡ የማይሠራ አምሳያ ስላለው ላቦራቶሪው ሁለቱን ሊያቀላቅል ይችላል። በኢንተርኔት የሚሸጥ የምራቅ ምርመራ አንድ ሁለት ለውጥ ብቻ አይቶ «ነጻ» ቢልዎት ከሌላው ሁሉ ነጻ ነዎት ማለት አይደለም። «ትርጉሙ ያልታወቀ ለውጥ» የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ በሽታ ተገኘ ማለት አይደለም፤ የማነጻጸሪያው መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓውያን ስለሆነ እኛ ላይ ይህ መልስ ይበዛል።

ፉል ዶፓሚን አለው ይባላል። ጫትስ?

ባቄላ በእርግጥ ሌቮዶፓ አለው፤ ዶፓሚን ሳይሆን መነሻውን። የሚበዛው ግን እሸቱና ገለባው ላይ ነው፤ ደርቆ በተቀቀለው የጠዋት ፉል ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው። መጠኑም ከሳህን ሳህን ይለያያል፣ የራሱ ፕሮቲንም ኪኒኑን ይጋፋል። ፉል ይብሉ፤ በኪኒን ምትክ ግን አይሁን።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተረፉት ሕዋሳት ያላቸውን ዶፓሚን እንዲለቁ ይገፋል እንጂ የሞተ ሕዋስ አይተካም። የሆድ ድርቀትን ያብሳል፣ ሆድ ምግብን ቶሎ እንዳያወርድ ስለሚያደርግ ኪኒኑ ይዘገያል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የተባሉትን የፓርኪንሰን መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ደግሞ የደም ግፊትን በድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል ፈጽሞ አይሆንም።

ዘረመሉ ከታወቀ ሕክምናው ይለወጣል?

ለጊዜው ብዙ አይለወጥም፤ ሌቮዶፓ ለሁሉም ይሠራል። ለውጡ አያያዙ ላይ ነው። ፓርኪን የተበላሸበት ሰው በትንሽ መጠን በደንብ ይሻለዋል፤ ያለፈቃድ መወራጨት ግን ቶሎ ስለሚመጣበት መጠኑ በጥንቃቄ ነው የሚጨመረው። ጂቢኤ1 ያለበት ላይ የማሰብ ችሎታ ቶሎ ሊዳከም ስለሚችል አርቴን የተባለው መድኃኒት አይመከርም፤ ያደነዝዛል።

የኤልአርአርኬ2ን ፍጥነት የሚገቱ ኪኒኖች ሙከራ ላይ ናቸው። ለጂቢኤ1 ከሚሞከሩት አንዱ እዚህ ፋርማሲ ሁሉ የሚታወቀው የሳል መድኃኒት አምብሮክሶል ነው፤ «ታዲያ እኔ ለምን አልጀምርም?» የሚል ጥያቄ ያመጣውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው አነስተኛ ሙከራ መድኃኒቱ አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ መድረሱ ታየ፤ በሽታውን ማዘግየቱ ግን አልተረጋገጠም። የተሰጠው በቀን 1,260 ሚሊ ግራም ነበር፤ ለሳል የሚታዘዘው አብዛኛውን ጊዜ በቀን 90 ገደማ ነው። በ5 ሚሊ ሊትር 30 ሚሊ ግራም በያዘው ሽሮፕ ቢሰላ በቀን 42 ማንኪያ ይሆናል፤ ያ ሁሉ ስኳርና ማጣፈጫ ጭምር። በሙከራው ውስጥ ያሉት በሐኪም ዓይን ሥር ሆነው ነው የሚወስዱት።